ከሰማንያ ደቂቃ በኋላ

ወንድሜ ለእናታችን የተናገረው ሰማንያ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነበር። ባዶ ሲዲ የሚይዘው ሰማንያ ደቂቃ ነው።

በዚያ ጊዜ የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ አንድ የጭነት ድርጅት ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ወደዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። ልቡ እስኪታመም ድረስ እዚያው ድርጅት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ከለከሉት። እናታችን ደግሞ ደሴ ነበረች፤ ዳሌዋ ተሰብሮ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆና ነበር። እንደማይተያዩ ሁለቱም ያውቃሉ። በስልክ ሲገናኙ ግን የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ ጎረቤት ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥረው መስመሩ ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ድምፁን እንድቀዳለት ጠየቀኝ። ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ላፕቶፕ ነበር፤ ማይክሮፎን ሰካሁለትና የሚጫነውን አሳየሁት። ከዚያ ሦስት ነገር አስጠነቀቀኝ፦ ሲናገር ቤት ውስጥ እንዳልቆይ፣ የተናገረውን እንዳልሰማ፣ ለእናታችን ከደረሳት በኋላም ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳልተወው።

«ከእሷ ጋር ብቻ ነው የማወራው» አለኝ። «አንተ እንደምትሰማው ካወቅሁ አፌ ይያዛል።»

ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለቅቄለት ወጣሁ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ የሚቆምበት አስፋልት ዳር አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ እዚያ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስመለስ ላብ አጥምቆት ትራሱ ላይ ተንጋሎ አገኘዋለሁ። በመጨረሻው እሑድ «በቃ፣ ጨርሻለሁ» አለኝ።

ሲዲ መቅዳት ለእኔ አዲስ አልነበረም። የምናውቃቸው አበሾች መዝሙሩንም ዘፈኑንም የሚያስቀዱት እኔ ጋ ነው፤ አንድ ዘፈን ከሚቀርባቸው እያልኩ ከልኩ በላይ መሙላት ለምጄ ነበር። ሲዲ ላይ የሚቀዳው ነገር ከመሐል ይነሳና ወደ ዳር ይሄዳል። ከሰማንያው ደቂቃ በኋላ ጠርዙ ላይ ቀጭን ቦታ ትተርፋለች። ፕሮግራሙ ከመጠኑ እንዳለፈ ይነግርህና ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥል ትለዋለህ፣ ብዙ ጊዜ ይሳካል። አንዳንድ ማጫወቻ ግን እዚያ ጠርዝ አይደርስም። ይህን አውቅ ነበር።

ለሁለት ሲዲ እንክፈለው አልኩት። አይሆንም አለ። እናታችን ብቻዋን ሆና እንድትሰማው ነው የፈለገው፤ እሷ ደግሞ የምታውቀው አንዷን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን ለመቀየር ሰው መጥራት አለባት። እንግዲያው ትንሽ ቆርጠን እናሳጥረው አልኩት።

«የቱን?» አለኝ።

ቀጥል የሚለውን ተጫንኩ። ሲያልቅ ጠቋሚውን ወደ መጨረሻው ገፋሁት፤ ድምፁ መኖሩን እንደሰማሁ አንድ ቃል ሳልለይ ዘጋሁት። ሲዲውን ወደ አገር ቤት የምትሄድ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ይዛልን ሄደች። ደሴ መድረሱን በስልክ እንደሰማሁ ፋይሉን አጠፋሁት። ይህን ስነግረው ደስ አለው። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

እናቴ እሱ በሕይወት ሳለ ሲዲውን አልሰማችውም። ከሰማሁት መሰነባበታችን ነው ብላ አስቀምጣው ነበር። ከአርባው በኋላ ሰማችውና ደወለችልኝ።

«‹አሁን ዋናውን ልንገርሽ› አለኝና ዝም አለብኝ» አለች። «ምንድን ነው ያለው?»

አላውቅም አልኳት። አንተው አይደለህ ወይ የቀዳኸው አለችኝ። እንዳልሰማ መከልከሉን ነገርኳት። ሌላ ቦታ አስቀምጬው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አጥፍቼዋለሁ ማለት ከቀብሩ ይልቅ ከበደኝ።

ለካ ጎረቤቱ ሁሉ በየማጫወቻው ሞክሮላት ኖሯል። ሲዲው ተመልሶ እጄ ሲገባ ጠርዙ የጣት አሻራና ጭረት ብቻ ነበር። የቀዳሁበት ላፕቶፕ በሌላ ተቀይሯል፤ አዲሱ ሰማንያው ላይ ሲደርስ ሲር ብሎ ይቆማል።

ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አሮጌ ኮምፒዩተር የሚጠግኑ አንድ የህንድ ዘር ያላቸው ሽማግሌ እንዳሉ ሰው ነገረኝ። ሲዲውን ስወስድላቸው በለስላሳ ጨርቅ ወለወሉትና ከመደርደሪያቸው አሮጌ ማንበቢያ አንድ በአንድ እያወረዱ ሞከሩ። በአምስተኛው አንድ ደቂቃ ከግማሽ ያህል ወጣ። የቀረውን ምንም ሊያነበው አልቻለም። «ፖሌ» አሉኝ፣ እዚህ አገር ያዘነ ሰው የሚባለውን። ያን ጊዜ የወንድሜን ቃል አፈረስኩ፤ እዚያው ቆሜ ሰማሁት።

«አሁን ዋናውን ልንገርሽ» ይላል። ሳል ይይዘዋል፣ አልለቀው ይላል። ከዚያ ስሜን ይጠራል። «ውሃ» ይላል። ጮክ ብሎ ደግሞ ይጠራኛል። እኔ በዚያ ሰዓት አስፋልት ዳር ሻይ እጠጣለሁ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ የቧንቧ ውሃ ይፈስሳል። ተመልሶ ይቀመጥና ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል። «እማዬ» ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል።

ላሰማት ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ ፈቃድ ወስጄ ደሴ ሄድኩና አጠገቧ ተቀምጬ ሽማግሌው የቀዱልኝን አሰማኋት። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ሲያልቅ ይቅር በይኝ፣ ሲጠራኝ አልነበርኩም አልኳት። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነበር።

«ተነስቶ ሄደ» አለች። «ያን ጊዜ ገና ይራመድ ነበር ማለት ነው?»

ይራመድ ነበር አልኳት። ድገምልኝ አለችኝ፣ እግሩ የሚሰማበትን ብቻ። ያን ቀን አራት ጊዜ ደገምኩላት።

ዋናው ነገር ምን እንደነበረ ሁለታችንም ሳናውቅ ቀረን። መጀመሪያ ላይ በየስልኩ ትገምት ነበር፤ ስለ አባታችን ይሆን፣ ትዳር ሳይዝ ስለመቅረቱ ይሆን ትላለች። ከመሞቷ በፊት ባሉት ወራት ግን መገመቱን ተወችው። ነግሮኝ ነበር እኮ፣ ረስቼው ነው ማለት ጀመረች። እኔም አላረምኳትም።