ግማሽ በርሜል ውሃ ወደ አራተኛ ፎቅ

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ጫኝና አውራጅ ሆኜ ሥራ የጀመርኩበት ቀን ሰኞ ይሁን ቅዳሜ ጠፍቶብኛል። ቦታው ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንደነበር፣ ዕቃውም ከፎቅ የሚወርድ ቁም ሣጥን እንደነበር ግን ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

አለቃችን ጋሽ ወርዶፋ ገመዱን ሰጡኝና ያዝ አሉኝ። ጎበዝ ልባል ብዬ ሁለት ዙር የእጄ አንጓ ላይ ጠመጠምኩት። መጥተው ፈቱት።

«ሣጥኑ ሲወድቅ ብቻውን መሄድ ይፈራል ብለህ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ገመዱን አጠገባችን ያለ ምሶሶ ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩትና ጫፉን በሁለት ጣት ያዙ። ያ ሁሉ ሣጥን አየር ላይ ቆመ። የትምህርቴ መጀመሪያም መጨረሻም ያ ነው።

በእኛ ሥራም ሹመት አለ። ታች ሆኖ ዕቃውን የሚያስረው አሳሪ ነው። ላይ ሆኖ የሚስበው ሳቢ ነው። ከሳቢው ኋላ ቆሞ የተሳበውን ገመድ ምሶሶ ላይ የሚያዞረው ደግሞ ጠምጣሚ ይባላል። ደንበኛ ሁሉ የሚንቀው ጠምጣሚውን ነው፤ ቆሞ የሚበላ ይመስላቸዋል።

ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ እኔም በተራዬ አለቃ ሆንኩ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሰው ሲገባበት ሥራ ጎረፈልን። መሐንዲሶቹ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ደረጃውን የሠሩት ሶፋ ለሌለው ሰው ነው። በደረጃ አላልፍ ያለውን ዕቃ በበረንዳ በኩል በገመድ እንስብ ነበር።

አንድ ቀን የአንድ መምህር ዕቃ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደዚያ ልናጓጉዝ ጫንን። መምህር ያሬድ ይባላል፣ አራተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምራል። እኔ ሁለተኛ ክፍልን ስላልጨረስኩ ከሁለት ክፍል በላይ ይበልጠኛል፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ በአክብሮት አዳመጥኩ። ጠጣር ነገር የራሱ ቅርጽ አለው አለኝ። ፈሳሽ ግን የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ሁሉንም ነገር ደግሞ መሬት ወደ ራሷ ትስባለች፤ ይህም የመሬት ስበት ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት ጋር ገመድ ስጓተት ኖሬ የባላጋራዬን ስም ያን ቀን አወቅሁ።

የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ሂሩት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜላቸውን ውሃ ሞልተው አስጭነውታል። ይደፋ ብዬ ነበር። የካ አባዶ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ተራችን መቼ እንደሆነ እንኳ አናውቅም አሉ። ስንደርስ ግማሹን ፍራሹ ጠጥቶታል። አሁንስ ይደፋ ብል፣ ከመንገድ የተረፈውንማ አንደፋም አሉኝ።

በርሜል ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ነው የሚሳበው። ሙሉው ይከብዳል እንጂ አያታልልም። ግማሹ ውስጡ ቦታ ስላለው ይዋልላል። ይህን ለመምህሩ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ግማሽ ውሃ ማለት ግማሽ ክብደት ማለት ነው» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በደረጃ እንዳናወጣው የጎረቤት ሶፋ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተሰንቅሯል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ሊይዝ አይችልም ሲል መምህሩ አስረዳን። ሶፋው ከነገረን ቆይቷል።

በርሜሉን አሳሪው ታች አስሮ ጨረሰ፤ እኔና ጠምጣሚው ደምሴ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነን። ደምሴ በቀን አምስት ቃል ከተናገረ ብዙ አወራ የሚባል ሰው ነው። ገመዱን ወደ በረንዳው ምሶሶ ሲወስድ አብረውን የወጡት ወይዘሮ ሂሩት ከለከሉት፤ ለካ ቀለሙ የተቀባው ትናንት ነው። ወደ ታች ጮኼ መምህሩን ጠየቅሁ። ገመድና ምሶሶ ሲተሻሹ የሚይዘው ኃይል ሰበቃ ይባላል፣ ለዚህ ለቀላል ዕቃ ግን አያስፈልግም ብሎ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ምሶሶው?» አለ ደምሴ።

«ተወው» አልኩት። አለቃው እኔ ነበርኩ፤ ደንበኛ ላለማስቀየም ብዬ ነው። ስህተቱ የኔ ነው።

ሁለታችንም በእጃችን ብቻ ሳብን። በርሜሉ ሦስተኛ ፎቅ እንደደረሰ ከተራራ የወረደ ነፋስ ገፋውና ከበረንዳው ብረት ጋር ተጋጨ። ውሃው ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ በርሜሉም ተከተለው። መምህሩ በትክክል ከሥሩ ቆሞ በጣቱ አቅጣጫ ያሳየናል። ሽሽ ብዬ ጮህኩ፤ እሱ ወደ ላይ አየ።

ያኔ ደምሴ ገመዱን ለቀቀ።

ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ቀረ። ሸሸ ብዬ ደምሴን ረገምኩት። ገመዱ መዳፌን እየላጠ መሄድ ጀመረ፤ ቆዳዬ ሲቃጠል ሸተተኝ። ብለቀው ሰው ይሞታል፣ ይዤው እንዳልቆይ ደግሞ አቅም አጣሁ። ከሁለት ፎቅ በላይ ከሄደ በኋላ ገመዱ እንደ ብረት ተወጥሮ ቀጥ አለ። ዞሬ ሳይ ደምሴ ጫፉን ምሶሶው ላይ ሁለት ዙር አዙሮ ይዞታል፤ በሁለት ጣት።

በርሜሉ ከመምህሩ አናት ክንድ በማይሞላ ከፍታ ላይ ቆመ። ክዳኑ ግን በረረ። ፈሳሽ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል ያለው እውነት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ የመምህር ያሬድን ቅርጽ ያዘ።

ወይዘሮ ሂሩት መጀመሪያ ያዩት ምሶሶውን ነው። ይህን ቀለም ማን ፋቀው አሉ። መምህሩ ውሃው እየተንጠባጠበ በተሰነቀረው ሶፋ ላይ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ደረሰ። እጄን ገልብጦ አየ። ከዚያ «እኔ ነኝ የፋቅሁት» አላቸው። ያን ቀን የተናገረው አጭሩ ትምህርት ያ ነው።

ዕቃ ከመሬት ሳይነሳ በፊት ገመድ ምሶሶ ላይ ይዞራል። ቀለም በሌላ ቀን ይቀባል።

መዳፌ ዛሬም በብርድ ይጨማደዳል። መምህሩ ግን እያስተማረ ነው፤ እኔም ሰው ሳልገድል ጡረታ ወጣሁ። ለዚህ ያበቃን ጠምጣሚው ደምሴ ነው።