የእናትን ፊት የምታሳይ ካሜራ

ሎሜ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ አንድ ዕቃ ተሸካሚ ሰው ማቀዝቀዣ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ በሰው መሐል እየተጋፋ ያልፍ ነበር። ሁለት እጆቹ ዕቃውን ይዘዋል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያቃጥለዋል፤ መጥረግ ግን አይችልም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት መንገዱ ላይ አስቆሙትና ባሸረጡት ጨርቅ ጫፍ ግንባሩንና ዓይኖቹን ጠረጉለት።

«ሂድ ልጄ፤ አሁን መንገዱ ይታይሃል» አሉት።

ሰውየው ሳቅ ብሎ አለፈ። እሳቸውም ስሙን እንኳ ሳይጠይቁት ፊታቸውን ወደ ሱቆቹ መለሱ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁበት ቀን ባዶ ቀን አይመስለኝም።

እኔ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጠው ሰው ፊት ቁጢጥ ብዬ ነበር። ከጎኑ ፎሊ የሚባል ሆዱ ገፋ ያለ ነጋዴ በመርከብ የመጡ ያገለገሉ ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ይሸጣል። ሁሉም ኪስ የሚገቡ ትንንሾች ናቸው። ሴትየዋ እዚያ ቆሙ።

«ዳዳ፣ ይምጡ! ይቺን ይዩልኝ» አለ ፎሊ፤ ትልቅ ሴትን ሁሉ የምንጠራው እንዲህ ነው። አንዲት ቀይ የምታብረቀርቅ ካሜራ አነሳ። «አሥራ ስድስት ሜጋፒክስል! የጉንዳን ቅንድብ ሳይቀር ታነሳለች።»

«ለቀብር የምፈልገው የሰው ፎቶ ነው እንጂ የጉንዳን አይደለም» አሉ። «የምትበላው ምንድን ነው?»

«ማን?»

«ካሜራዋ ናታ።»

ፎሊ ባትሪዋንና ቻርጀሯን አሳያቸው። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። መንደራቸው ከፓሊሜ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ናት፤ የመብራት መስመሩ ተራራው ግርጌ ላይ ቀርቶ ወደ ላይ ሳይወጣ ዓመታት አልፈውታል።

«ይቺ እኛ ዘንድ በሁለተኛው ቀን ነፍሷ ትወጣለች። የባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ የለችህም? ድንጋይ እንደሆነ ጨው ሻጯም ጋ አይጠፋም።»

ፎሊ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ግራጫ፣ ጎኗ የተፋቀ፣ ወፍራም ካሜራ አወጣ። «ይቺ የአያቴ ታናሽ ናት» አለ።

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ትግባባለች።»

እሱ ድንጋይ ሊፈልግ ሲሄድ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ መጽሐፍ ይዘሃልና በዚህች የካሜራዋ መስኮት ላይ የሚጻፈውን ታነብልኛለህ?» አሉኝ። አጠገባቸው ቆምኩ። ስማቸው አፌፋ እንደሆነ፣ ለምን እንደመጡም ያኔ ነገሩኝ።

ባለፈው ዓመት ወንድማቸው ኤሊኬም አረፉ። ሰባ አራት ዓመት ሲኖሩ ከመታወቂያ በቀር አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልተነሱም። ለቀብሩ ከመታወቂያቸው ላይ ያለችው ጥፍር የምታህል ፎቶ በትልቁ ታትማ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። ግን ጥላሸት እንጂ ሰው አትመስልም ነበር። ልቅሶ የመጣው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ያይና ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል።

«ሁለት ጊዜ ቀበርነው፤ አንዴ በአፈር፣ አንዴ በዚያ ጥላሸት» አሉኝ ዳዳ አፌፋ።

ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች በሳምንት በሳምንት ካጠራቀሙት ላይ ሠላሳ ሺህ ፍራንክ ሰጥተው ላኳቸው። የሽማግሌዎቻችንን ፊት የምታሳይ ካሜራ ይዘሽ ነይ አሏቸው። «ገንዘቡን በከንቱ ካጠፋሁት ሁለተኛ የለም፤ ከዚያ በኋላ ካሜራንም እኔንም አያምኑም። እናቴ ደግሞ ዘጠና ዓመት አልፏታል። ዘንድሮ ካላነሳኋት እሷም እንደ ኤሊኬም መሆኗ ነው።»

ፎሊ ድንጋዩን ይዞ ሲመለስ ከቦርሳቸው የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጡ። በመንደራቸው ሽማግሌ ፎቶ ሲነሳ ከኋላው ነጭ ካልተዘረጋ ነውር ነው፤ ዕድሜ ለጠገበ ሰው ነጭ ክብሩ ነው። መጽሐፍ ሻጩና እኔ ጨርቁን ወዲህና ወዲያ ይዘን ወጠርነው። ፎሊ ደረቱን ነፍቶ ከፊቱ ቆመ። ዳዳ አፌፋ በግራጫዋ አነሱት።

መስኮቷ ላይ ጨርቁ እንደ ደመና አምሯል። ፎሊ ግን የለም። ሸሚዝ አለ፣ ከላዩ ጥቁር ክብ ነገር አለ፤ ዓይንና አፍንጫ የለም።

«ሚስቱ ጠፋብኝ ብላ የምትፈልገው ሰው መስሏል» አለ መጽሐፍ ሻጩ።

በቀይዋም አነሱት፤ ያው ነው። ሌላ ሦስተኛ ሞከሩ፤ ከሁሉ የባሰ ሆነ።

«ካሜራዎቹ ሁሉ የሚወዱት ጨርቁን ነው» አሉ ዳዳ አፌፋ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«ጥፋቱ የካሜራ አይደለም ዳዳ» አለ ፎሊ። «እኛ ነን አብዝተን የጠቆርነው።»

«ዝም በል! እግዚአብሔር ሲሠራህ ጨለማ ነበር እንዴ? በደንብ እያየ ነው የሠራህ።»

«እሺ፣ ጨርቁን ይተዉታ!»

«እናቴን በጭቃ ግድግዳ ፊት? ከማንሳት አለማንሳት ይሻለኛል።»

ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር መጸለይ ይገባ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በልቤ ጸለይኩ። እሳቸው ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጥለው ግራጫዋን እንደገና አነሱ፤ ለመሰናበት ይመስል አገላበጧት። አውራ ጣታቸው አንዲት ቁልፍ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ይቺ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የምንድን ናት?»

ቁልፏን ሲጫኑ መስኮቷ ላይ የወጣውን አነበብኩላቸው፤ የብርሃን መጠን ይላል።

«ኧረ እንዳይነኩት!» አለ ፎሊ። «ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ይበላሻል።»

«አርባ ዓመት በቆሎ የሸጠች ሴት መደመር አያስፈራትም። ጨርቁን ያዙልኝ።»

አንድ ጊዜ ወደ መደመሩ ጫኑና አነሱ። የፎሊ አፍንጫ ብቅ አለ። ደግመው ጫኑ። ግንባሩ መጣ፣ ጉንጩ ላይ ያለች የልጅነት ጠባሳ መጣች። በሦስተኛው ጨርቁ ወተት ሆነና ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ በፊት ጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተት ሳይቀር። ዳዳ አፌፋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ፎሊ ካሜራዋን ቀምቶ አየ። «እኔ እንዲህ መልከ መልካም ነኝ?»

«አይደለህም። ካሜራዋ ደግ ሆና ነው።»

ቀይዋም ይህ ነገር ይኖራት እንደሆነ ፈለግን። አላት፤ ግን እንደ ሽንኩርት ከተደራረቡ ዝርዝሮች ውስጥ ነው፣ ለማግኘት እኔ እንኳ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። የግራጫዋ ቁልፍ ግን አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ናት። ማንበብ የማይችል ሰውም ያገኛታል፣ ካሜራዋም ድንጋይ ትበላለች፤ ዳዳ አፌፋ ከዚያ በኋላ ሌላ አላዩም። ፎሊ ግራጫዋን ለሴቶቹ ገንዘብ በሚስማማ ዋጋ ሰጣቸው፤ በተረፈው ሚሞሪ ካርድና ስምንት ድንጋይ ገዙ። እሱ ምራቂ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ የእሱ ፎቶ ፓሊሜ ስትታጠብ አንድ ቅጂ ለእሱ እንድትላክለት።

ከአንድ የኮኮናት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳዳ አፌፋ የገዙትን፣ አብሎ የሚባለውን በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ዳቦ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ለምሳ በላን። ከመብላታቸው በፊት ካሜራዋን በነጩ ጨርቅ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧትና ጸሎት አደረሱ። ለረጅም ጊዜ አመሰገኑ። የተሸካሚውንም የፎሊንም የእኔንም ነገር ለእግዚአብሔር ነገሩት። ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋቸው፤ ቀዝቅዞም ጣፈጠኝ።

ሲጨርሱ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አሁን የቀረችኝ እናቴ ራሷ ናት» አሉ። «እኛ ዘንድ ልጅ እናቱን ቀና በይ፣ ወደዚህ እዪ ብሎ አያዝም፤ ስድሳ ዓመቱም ቢሆን። ብሞክረው በከዘራዋ ነው የምትመልስልኝ። እንግዳ ሰው የተናገራትን ግን እምቢ ብላ አታውቅም።»

ጨርቁን በጣታቸው አስተካከሉ።

«ወንድሜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ተራራው ወጥተህ፣ በእኔ ፈንታ ‹ማማ፣ ቀና ይበሉ› ትልልኛለህ?»