በእግሬ ላይ የለሰንነው ኖራ

ወገኖቼ፣ ዛሬ እንድቆም ፍቀዱልኝ። ሦስት እሑድ ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ፣ አሁን እነሣለሁ፣ አሁን እነሣለሁ እያልኩ ሳልነሣ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ከጦር መርከብ በወረዱ መርከበኞች ፊት ያልፈራሁ ሰው፣ ይችን ቆርቆሮ ቤት የማትሞሉትን እናንተን ፈራሁ! ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልቀመጥም። ስሙ ይባረክ!

ሽፈራው እባላለሁ። ከእናንተ በቀር በጅቡቲ ከተማ በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም። የሚጠሩኝን ስም አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስትስቁም አያችኋለሁ። ግድ የለም፣ እደርስበታለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የሐዲድ ጠባቂ ነበር። ኳስ የተማርኩት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። አሸዋ ላይ ኳስ አይነጥርም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲጠልዝ እኔ ከእግሬ ጋር ማጣበቅ ለመድኩ። አንድ ቀን እዚህ ጅቡቲ ያለው፣ አትልዬ የምንለው የባቡር መጠገኛ ፈረንሳዊ ሹም ለሥራ ድሬዳዋ መጥቶ ስጫወት አየኝ።

"ብሎን ማጥበቅ ትችላለህ?" አለኝ።

"አልችልም፣ ሙሴ" አልኩት።

"ግድ የለም። ኳስ ማቆም ትችላለህ" አለና በማግስቱ ባቡር ይዞኝ መጣ።

አያችሁ ወገኖቼ? በመዝገብ ብሎን አጥባቂ ነበርኩ፤ እንጀራዬን የበላሁት ግን በእግሬ ነው። በሰው አገር በእግሩ ያደረ ሰው ነኝ! ቦታዬ መሐል ነበር። ኳስ ከኋላ ትመጣለች፣ እኔ ጋ ታርፋለች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትሄዳለች ወይ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ የምትሄድበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አትልዬ ውስጥ ባቡሩን አስቁመው የሚያዞሩበት ክብ ብረት አለ አይደል? በእሱ ስም "ማዞሪያው" አሉኝ። ማዞሪያው ሲጫወት ግሪኩ ሱቁን ይዘጋ ነበር፣ አረቡ ውኃ ሻጭ አህያውን አቁሞ ያይ ነበር። ይቅር በሉኝ፣ ኩራቴ ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም። እውነት ስለሆነ ግን ልናገረው።

እግዚአብሔርንስ አውቀው ነበር? በአንገቴ ማተብ ነበረ፣ በአፌ ስሙ ነበረ። ወደ ሜዳ ስገባ አማትቤ እገባለሁ፤ ስወጣ ደግሞ "እኔ ነኝ ያሸነፍኩት" ብዬ እወጣለሁ። ጌታ ግን ታገሠኝ። ትዕግሥቱ ይመስገን!

ወደ ነገሩ ልግባ። ከመርከበኞቹ ጋር በተጫወትን ቀን አንዱ ሚስማር በተመታበት ጫማ ቅልጥሜን አገኘኝ። እኛ በባዶ እግር ነበር የምንጫወተው። ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ ፈረንሳዊ ነው፣ ሪዙ የተከረከመ፣ ቃሉ የተቆጠበ። እግሬን በጀሶ ጠቀለለና "አጥንቱ ተሰንጥቋል። አርባ አምስት ቀን መሬት አትረግጥም" አለኝ። አትልዬ ስለኖርኩ ፈረንሳይኛ እሰማለሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ ግን ሁለቴ አስደገምኩት።

ለምን ቢባል፣ በሃያኛው ቀን የዋንጫ ጨዋታ ነበረብን። ከማን ጋር? ከወደቡ ቡድን ጋር! የወደቡ ቡድን ከሰል የሚያራግፉት ሶማሌዎች፣ አፋሮችና አረቦች ናቸው። አለቃቸው ፋራህ ይባላል፤ እንደ እኔ መሐል ነው የሚጫወተው። ያለ እኔ ፋራህ ሜዳውን ብቻውን ሊገዛው ነው። ይኼን ሳስብ ምግብ አልወርድ አለኝ።

ጋሻው የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ በረኛችን ነው፣ በሥራው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። መጥቶ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና "አንተ፣ ምን ያስለቅስሃል? እኛ ስንት ባቡር ፈትተን ገጥመናል! አንድ እግር ፈትተን መግጠም ያቅተናል?" አለኝ።

ወገኖቼ፣ የአትልዬ ሰው እንዲህ ነው። የተሠራ ነገር ሁሉ ይፈታል፣ የተፈታ ሁሉ ይገጠማል ብሎ ያምናል። እኔም አመንኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጋሻው የቆርቆሮ መቀሱን ይዞ መጥቶ ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። በማግስቱ እግሬን በጨርቅ አስሬ ገባሁ።

ተጫወትኩ። ቆሜ ነው የተጫወትኩት፤ መሮጥማ ከየት ይመጣል! ግን አንዲት ኳስ መጣችልኝ፣ ፋራህ በቀኜ ይመጣል፣ እኔ ሳላያት በውጭ እግሬ ወደ ግራ ላክኋት፣ እሷም ገባች። ዋንጫው የእኛ ሆነ። በትከሻቸው ተሸክመውኝ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዱ። ይቺን ኳስ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

እግሬ ግን አብጦ የሌላ ሰው እግር መሰለ። ሐኪሙ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያየኝ ቀጥሯል። ጀሶው የለም! "እንግጠመው" አለ ጋሻው። ጀሶ ፈለግን፣ አጣን። አትልዬ ግቢ ውስጥ ግን ግድግዳ ሊለስኑበት የመጣ በርሜል ሙሉ ኖራ ነበር። ጋሻው ውኃ ጨመረበት፣ ኖራው እያጨሰ ፈላ። ሳይበርድ ጨርቅ እየነከረ ጠመጠመልኝ። ከሐኪሙ ጀሶ ይልቅ ነጣ! ጋሻው ዞር ብሎ አየውና "ሐኪሙ ራሱ የእኔ ሥራ ነው ነው የሚለው" አለ። ሳቅን። ሞኞች ስንስቅ ኖራው ሥራውን ጀምሮ ነበር።

ኖራ ሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አቃጠለኝ። አንድ ቀን ቻልኩ፣ ሁለት ቀን ቻልኩ፣ ማዞሪያው አይጮኽም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። በአራተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ጓደኞቼ ሲያወልቁት ሥጋው ጠቁሮ፣ ሽታው ሰው የማያስቀርብ ሆኖ ነበር። ኖራውን በባሕር ውኃ አጥበው አጠፉት፤ ከዚያ በዕቃ ጋሪ ጭነው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሐኪሙ አየውና ፊቱ ተለወጠ። "ምን አደረግህበት?" አለኝ።

"ምንም። ጀሶው ውስጥ እንዳለ እንዲህ ሆነ። ሲሸተኝ አወለቅሁት" አልኩ።

"አልረገጥህም?"

"አልረገጥኩም።"

"እንግዲያው የበሰበሰው አጥንቱ ነው፤ ከውስጥ ነው የመጣው። ነገ ጠዋት ከጉልበትህ በታች እንቆርጣለን። ካልቆረጥን ትሞታለህ" አለኝ።

አያችሁ ውሸት የት እንዳደረሰኝ? እውነቱን ብናገር ከቡድኑ እወጣለሁ፣ ከአትልዬ እባረራለሁ፣ ጓደኞቼ ይቀጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተማው ይስቅብኛል። ባልናገር እግሬ ይሄዳል። እና ወገኖቼ፣ ዝምታን መረጥኩ! እግሬን ከምሰጥ ኩራቴን ልስጥ አላልኩም። በዚያ ፈንታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ "ጌታ ሆይ፣ ተአምር አድርግ" ብዬ መጸለይ ጀመርኩ።

እዚያ ሆስፒታል አንሶላ የሚያጥቡ ሴት ነበሩ፣ እትዬ ዘነበች። ከወለጋ የመጡ ናቸው፤ ማንበብ የተማሩት ከወንጌል ሰዎች ዘንድ ነው። ዛሬ እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን የደፉት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ መስኮቱን ያንኳኳ ነበር፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሏል። እትዬ ዘነበች አንሶላውን አጥበው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው በበሽተኞቹ መካከል ተቀምጠው ወንጌል ከፈቱ። ያነበቡት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጌታችን ስለ መቃብሮቹ የተናገረውን! ከውጭ በኖራ ነጥተው ስለሚያምሩት፣ ከውስጥ ግን አጥንትና ብስባሽ ስለሞላባቸው!

ከአልጋዬ ብድግ አልኩ። "ማን ነገረብኝ? ጋሻው ነው?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ምኑን ልጄ?"

"የኖራውን ነገር ነዋ!"

"የምን ኖራ?"

አያውቁም! ማንም አልነገራቸውም! ሃሌ ሉያ! ኳስ ሲመታኝ ያልወደቅሁ ሰው፣ ቃሉ መታኝና ወደቅሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መቀሱን፣ ጨዋታውን፣ በርሜሉን። ከዚያ እጃቸውን ይዤ "እትዬ፣ ይጸልዩልኝ። እግሬ ነገ ሊቆረጥ ነው" አልኩ።

እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። "አልጸልይልህም" አሉ።

"ምነው እትዬ!"

"እግዚአብሔርማ የኖራውን ነገር ያውቃል፣ ልጄ። የማያውቀው ሐኪሙ ነው። መጀመሪያ ለማያውቀው ንገር። ከዚያ በኋላ አብረን እንጸልያለን፣ እግርህ ቢቆረጥም ባይቆረጥም።"

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ጨዋታ ተጫውቻለሁ። ከባዱ ያ ነበር። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ሐኪሙ ሊጎበኘን ሲመጣ ላብ አጥምቆኛል። "ሙሴ ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ" አልኩት። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ሁሉን ዘረገፍኩ። ኖራ የምለውን ሊያምነኝ አልቻለም።

"የግድግዳ ኖራ?" አለ።

"የግድግዳ ኖራ፣ ሙሴ።"

"እግርህ ላይ?"

"እግሬ ላይ።"

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። እኔ የማላውቀውን ስድብ ተሳደበ። ከዚያ መብራት አስመጥቶ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን መረመረ፣ ጫን አደረገ፣ እንደ ገና አሸተተ። "ይህ ቃጠሎ ነው። ከላይ የገባ ነው እንጂ ከአጥንት የወጣ አይደለም። ቢላዋው ይቆይ። ሦስት ቀን አይሃለሁ" አለ። ክብር ለጌታ ይሁን! እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ ገብተው አልጋዬ አጠገብ ተንበረከኩ፣ እኔም በጀርባዬ ተኝቼ፣ "ጌታ ሆይ፣ እግሬን ብትተውልኝም ብትወስደውም እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ" አልኩ። ያን ጊዜ ያገኘሁትን ሰላም ዋንጫ ይዤ አላገኘሁትም።

በየቀኑ ቁስሉን አጠቡት፤ ሲያጥቡት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በሳምንቱ ከጥቁሩ ሥር ቀይ ሥጋ ታየ። ያ ቃሉን የሚቆጥብ ሐኪም "ያዳነህ የእኔ መድኃኒት ብቻ አይደለም። አፍህን መክፈትህ ነው" አለኝ። እሱ አፌን ማን እንደከፈተው አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ስሙ ይክበር!

ነገሩ አትልዬ ደረሰ። ሹሙ ጠርቶ "ማን ነው የለሰነህ?" ሲለኝ "ይለስኑት ብዬ እግሬን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም። ጋሻው ግን ሳይጠሩት ከበሩ ገብቶ "ኖራውን ያቦካሁት እኔ ነኝ" አለ። በጋሻው እኮራለሁ! ከቡድኑ ወጣሁ። ሹሙ ከሥራ አላባረረኝም፤ የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። ዛሬ የቆርቆሮ መቀስ ሊዋስ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ለምን እንደሚፈልገው ይነግረኛል።

ከተማው ግን፣ እንደፈራሁት፣ ሳቀ። ከጣቢያው እስከ ካርትዬ አንድ ሰፈር፣ ከጨው መስኩ እስከ አምቡሊ የሳቀ ሳቀ። ማዞሪያው የሚለው ስም ቀረና "ኖራው" ሆንኩ። በሄድኩበት "ኖራው መጣ! ግድግዳ አይደገፍ!" ይሉኛል። እያነከስኩ አልፋለሁ። መጀመሪያ ላይ አመመኝ፤ አልዋሻችሁም፣ ከቁስሉ ይልቅ አመመኝ።

አሁን ያለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁና ልቀመጥ። ደግሞ ዋንጫ ነበር፤ ደግሞ አትልዬና ወደብ። በዚህ ከተማ ጨዋታ የሚበላሸው በዳኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፈረንሳዊ ቢዳኝ ለአትልዬ አደላ ይባላል፣ ሐበሻ ቢዳኝ ወደቡ ይነሣል፣ አረብ ቢዳኝ እኛ እንነሣለን። ያን ቀን ሕዝቡ ሜዳውን ከቦ ዳኛ ጠፋ። እኔ ከጥላው ሥር ቆሜ አያለሁ። ፋራህ፣ ያ በእኔ የተሸነፈው ፋራህ፣ ወደ መሐል ወጣና እጁን አነሣ።

"ኖራው ይዳኝ!" አለ።

ሰው ሳቀ። እኔም የሚያላግጥብኝ መሰለኝ።

ፋራህ ግን አልሳቀም። "ዋላሂ፣ እውነቴን ነው። ይህ ሰው እግሩ እየተቃጠለ፣ ሥራው እየሄደ፣ በራሱ ላይ እውነት ተናግሯል። በራሱ ላይ ያልዋሸ በእኛ ላይ ይዋሻል?" አለ።

ሳቁ ቆመ። ጋሻው ከግቡ መሐል ሆኖ ሲያጨበጭብ ሰማሁት። ፋራህ ፊሽካውን በእጄ አስቀመጠ። እያነከስኩ ወደዚያች ድሮ ወደምጫወትባት ወደ መሐሏ ቦታ ስሄድ፣ ሐበሻውም ሶማሌውም አረቡም ሁሉም የሚያውቀውን አንዱን ቃል ብቻ ጮኸ። "ኖራው! ኖራው!"

በዚህ ስም እኮራለሁ፣ ወገኖቼ! ማዞሪያው የራሴን ክብር ይጠራ ነበር፤ ይኼኛው ጌታ የት እንዳገኘኝ ይጠራል። እነሆ እግሬ፣ ጠባሳውን እዩት፣ ፀጉር አያበቅልም፤ ግን ቆሜበታለሁ። ጌታ ይመስገን!

ከእናንተ መካከል ከላይ ነጭ፣ ከሥር የሚያቃጥል ነገር የጠመጠመ ካለ፣ ሽታው እስኪወጣ አትጠብቅ። ጌታ አያፍርብህም፤ እመነውና አውልቀው። ለማያውቀው ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ሂድና ንገረው፤ ብቻዬን እፈራለሁ ካልክ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። እያነከስኩም ቢሆን እደርሳለሁ።