ከእትዬ ጋር የመረጥነው ርካሽ ስልክ

እትዬ መናገር ሲከብዳት በመጀመሪያ የጠፋችው «ረ» ነበረች። «ብርድ» ስትል «ብይድ» ይመስል ነበር፤ እኔም ጥርሷን አሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ክረምቱ ሳይወጣ «ቀ» እና «ጠ» ተከተሉ። አንድ ቀን ለንደን ስቶክዌል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩን ስታመሰግን፣ አንዲት ሴት በጠዋት የሰከረች መስሏት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እትዬ አየቻት። እስክንወርድ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስትመለከት ቆየች።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበርና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለንደን ቀድማ የመጣችውም፣ በኋላ እኔን ያስመጣችኝም እሷ። ሥራዋ ቤት የዋሉ አዛውንቶችን መንከባከብ ነበር፤ ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ ኖራለች። ስለዚህ ሐኪሟ «የነርቭ በሽታ ነው፤ ጡንቻዎቿ አንድ በአንድ መታዘዝ ያቆማሉ፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም» ስትለን፣ ከእኔ በፊት የገባት እሷ ነበረች። ይኸው በሽታ ያለበት ሰው እስከ መጨረሻው አስታማለች። እኔ ጥያቄ ሳበዛ እሷ ኮቷን መቆለፍ ጀመረች።

የንግግር ባለሙያዋ፣ የጻፉትን የሚናገር መሣሪያ እንዳለና አፕላይ እንደምታደርግልን ነገረችን። «ግን ወረፋ አለው» አለች። «እስከዚያ ስማርት ስልክ ይኑራት። ውድ መሆን የለበትም።» እትዬ እስከዚያን ቀን የያዘችው ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነበር። ውድ እንግዛ ብንልም አቅማችን አይፈቅድም፤ እሷ ሥራ አቁማለች፣ እኔ እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን አሻጊ ነኝ።

ከቤቷ በታች ያለው ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሦስት ርካሽ ስልኮች መስታወቱ ላይ ደረደረልን።

«ለምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለ።

«ለዕለት ተዕለት ነገር።»

«ለመደወል?»

«ለመደወል አይደለም» አልኩት፤ ግራ ገብቶት ስልኮቹን ወደ እትዬ ገፋ አደረጋቸው።

እትዬ ዕቃ ስትገዛ አትቸኩልም። አንዱን ታነሳለች፣ በመዳፏ ትመዝነዋለች፣ በአውራ ጣቷ ትነካካዋለች፣ ታስቀምጠዋለች። የመጀመሪያው ፊደሉን ብናሰፋውም አልሰፋላትም። ሁለተኛው አማርኛ ሲላክለት ባዶ ሳጥኖች ብቻ ያሳያል። ሦስተኛው አማርኛ ያነባል፣ ፊደሉ ይሰፋል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ግን ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ነገር ነክተሽ እስኪከፈት ትጠብቂያለሽ። ጀርባውም ያንሸራትታል።

«ካሜራው ደካማ ነው፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ» አለ ባለሱቁ በቅንነት።

እትዬ በቀረቻት ድምፅ፣ እኔ ብቻ በምረዳው ንግግር፣ «ፎቶ ልነሳ ነው እንዴ የመጣሁት?» አለች። ሳልተረጉምለት ከፈልን።

የሥራ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ታንጠለጥልበት የነበረውን ገመድ ለስልኩ ማንገቻ አደረገችው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳስብ፣ ስልኩን ልወቅሰው አልችልም። ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ይቆያል። ሱቅ ሄዳ የምትፈልገውን ጽፋ ታሳያለች። ከቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ ጋር ትጻጻፋለች። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ሎከር ውስጥ ይቆለፍ ስለነበር፣ በእረፍት ሰዓት ስከፍተው ከእሷ ሰባት ስምንት መልእክት ተደርድሮ አገኛለሁ። «በላሽ?» «ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ይዘሻል?» ድሮም በአፏ ከምትለኝ የተለየ አልነበረም።

የጻፉትን በድምፅ የሚያነብ ነገር አውርጄ ጫንኩላት። እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አማርኛ ሲጻፍለት ግን ዝም ይላል። እትዬ ተስፋ ሳትቆርጥ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችለት። «ደህና ነኝ» ብላ ነበር የጻፈችው። ስልኩ በዚያ በተስተካከለ የሴትዮ ድምፁ «ዴና ኔግን» አለ። ደግመን አስባልነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስታስብለው ምን እንዳለ ልጽፈው አልችልም። እትዬ ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እየሳቅሁ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ከዚያ በኋላ ያንን ድምፅ አልነካችውም።

«በእንግሊዝኛ ለምን አትጽፊም?» ብያት ነበር።

«ስፔሊንግ አላውቅም» ብላ ጻፈች። ቀጥላም፣ «ደግሞ እኔን አይመስልም» አለች።

ከዚያ የስልኩ ድክመት መታየት ጀመረ። ማስቀመጫው ትንሽ ስለነበር ቶሎ ሞላ፤ የጸሎት መጽሐፏን እንጫን ብንል የአማርኛውን ኪቦርድ አጥፉ ይላል። መረጥን፤ ኪቦርዱ ይቆይ አልን፤ ጸሎቱን በቃሏ ታውቀዋለች። የባሰው ግን ጣቷ ነበር። አውራ ጣቷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ስልኩ የነካችውን ትቶ ጎረቤቱን ይጽፋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ሁለት መንካት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ «ለ»ን፣ ቀጥሎ ከላይ ከሚደረደሩት «ሉ»ን ወይም «ሊ»ን። ሁለተኛው መንካት አቃታት።

እሷም ሁለተኛውን ተወችው። ሁሉንም በግዕዙ ብቻ ትጽፍ ጀመር። «ውሃ ስጪኝ» ለማለት «ወሀ ሰጨኘ»። «መስኮቱን ክፈቺው» ለማለት «መሰከተነ ከፈቸወ»። በጥቂት ቀን ማንበቡን ለመድኩት። አንዳንድ ቃል ብዙም አይጎዳም ነበር። «ደከመኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ከበደኝ» ከመጨረሻዋ ፊደል በቀር ደህና ሆነው ይመጣሉ። እነዚህን ነበር በብዛት የምትጽፈው።

አንድ ከሰዓት «በረ» ብላ ጻፈች። መብራቱ በራ ማለቷ ነው ብዬ አጠፋሁት። ራሷን ነቀነቀች። መልሼ አበራሁት። ደግማ «በረ» አለች። ብር? በሬ? ስልኩን ሶፋው ላይ ጣለችው፤ ፊቷ ቀላ። በሩ ነበር። ክፍት ስለነበር ብርድ ይገባ ነበር፤ ያ ብቻ ነው። ስዘጋው ወደ እኔ አልዞረችም።

በፀደይ ሐኪሟ ጠራችን። እትዬ በጣም ከስታ ነበር፤ ሾርባ እንኳ ያንቃታል። ሐኪሟ ጉልበቷ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መዋጥ እያቃታት ነው» አለች። «በሆዷ በኩል ቱቦ ብናስገባ ምግብ ታገኛለች፤ ዕድሜም ይጨምርላት ይሆናል። ግን ፈቃዷን ከራሷ መስማት አለብኝ።»

እትዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስተካክላ መጻፍ ጀመረች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ሐኪሟ አላቻኮለቻትም። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። «አለፈለገመ» ይላል።

ሌላ ቃል ሊሆን የሚችልበት መንገድ ፈለግሁ። የለም።

«ምን አለች?» አለች ሐኪሟ።

«ደክሟታል» አልኳት። «ታስብበታለች።»

እትዬ እንግሊዝኛ እንደሚገባት ረስቼው አይደለም። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ቃሏን በእጄ ይዤ፣ ነው የዋሸሁት። ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሳጠፋ እንደምታየኝ አየችኝ። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ለወጠችው። ሁለት ፊደል ጻፈች። ከርቀት እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ ጣቷ የድምፁ ምልክት ላይ ደረሰ።

«ኖ» አለ ስልኩ።

ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ ድምፁ ጎልቶ ተሰማ። ሐኪሟ እኔን ትታ እሷን «ቱቦው ይግባልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ያንኑ ምልክት ደግማ ነካችው። «ኖ።»

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «ይቅር በይኝ» አልኳት። እጄን ያዘች። ቆይታ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። «በቀኘ» ብላ ነበር፤ በቃኝ ማለቷ ነው።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እሷ ጋ ገባሁ። የተባለው መሣሪያ በበጋ መጣ፤ የሚያምር፣ ሰፊ፣ ድምፁ ጥሩ የሆነ መሣሪያ ነበር። ያን ጊዜ ግን እጇ ከጭኗ አይነሳም። ያመጣችው ልጅ ነገሩን አይታ መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። እኔና እትዬ ፊደሉን በቃል ያዝነው። እኔ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያልኩ እቆጥራለሁ፤ የፈለገችው ላይ ስደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች። «የ» ላይ እስክንደርስ ብዙ መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ሳንጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ስትነቃ ምን ልትል እንደነበር አልጠይቃትም፤ እሷም አትቀጥልም። አንድ ማለዳ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ትንፋሿ ቆመ። የመጨረሻ ቃሏ የትኛው እንደነበር አላውቅም። ተጀምረው የቀሩት ብዙ ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ ኤድመንተን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አጠገቤ የሚያሽግ ሰውዬ ለእናቱ ርካሽ ስልክ ሊገዛ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ስለ እትዬ አያውቅም።

«አንቺ የምታውቂው አለ?» አለኝ።

አለ አልኩት። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ፊደሉ ይሰፋል፣ ድምፁ ይሰማል። ቀርፋፋ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ጀርባው ያንሸራትታል፣ ማንገቻ ይፈልጋል። ካሜራው አይረባም።

«እናትህ እጃቸው ደህና ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እጃቸው? አዎ፣ ደህና ናቸው። ለምን?»

«ጣት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያስቸግራል።»

«ለሌላው ግን ጥሩ ነው?»

«ለርካሽ ስልክ ጥሩ ነው» አልኩት።

የስልኩን ስም ጠይቆኝ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተው። እረፍታችን አልቆ ስለነበር ተነስተን ወደ ማሸጊያው ሄድን።