የእህቴ የብር ክር

ልጅ እያለሁ፣ አራዳ በሚገኘው ቤታችን፣ አንጥረኛው አባቴ ብር ሲጎትት እንደማየት የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም። ቀዳዳዎቹ በተራ እየጠበቡ የሚሄዱ ወፍራም ብረት ነበረው። የብሩን ጫፍ በጉጠት ነክሶ፣ ከትልቁ ቀዳዳ ወደ ትንሹ እያሳለፈ እንደ ፈትል ያቀጥነዋል። ሰም ስለሚቀባው ቤቱ ሰምና ከሰል ይሸት ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያልፍብኝ ቆም ብዬ እስበዋለሁ።

ታላቅ እህቴ የተዳረችው በጥር ሚካኤል ማግስት ነው። እናቴ የራሷን የሙሽርነት አምባር አውልቃ ለአባቴ ሰጠችው። "መስቀል ይሥሩላት። አንገቷ ላይ ሳታስር ከዚህ ቤት አትወጣም" አለችው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ አባቴ ለጥምቀት የሰው መስቀል ሲሠራ የልጁ መስቀል የሚጠመዘዝበት የብር ክር ሳይጎተት ሚካኤል ደረሰ። በበዓል ደግሞ ማን እሳት ያነዳል? እናቴ ግን መላ አታጣም፤ መዶሻ ካልጮኸ፣ ጭስ ካልወጣ ጎረቤት አያውቅም፣ መልአኩም ይቅር ይላል አለች።

በሩን ዘጉ። አባቴ ብረቱን ደገፈ፣ እህቴ ጉጠቱን ይዛ ጎተተች። ብሩ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር እየደደረ ሄደና ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። በሌላው ጫፍ ሞከሩ፤ እሱም ተበጠሰ።

"መልአኩ ተቆጣን" አለች እናቴ።

"ምን አደረገ መልአኩ? ብር ሲጎተት ውስጡ ይጨነቃል። እሳት ካላሳረፈው አይታዘዝም" አለ አባቴ። እህቴ ግን መስቀሏን ሳታስር መሄዷ ነው ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ስብርባሪውን አቅልጦ እንደ አዲስ ጀመረ። ሚዜዎቹ ደጅ ደርሰው ይዘፍናሉ፣ የሙሽራው መኪና ጡሩንባውን ይነፋል። እሱ አንድ ቀዳዳ ባሳለፈ ቁጥር ክሩን መልሶ ከሰሉ ላይ ያስቀምጣል። እህቴ በሙሽራ ልብሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

"ምነው፣ ሙሽራው ቆሟል እኮ" አለች እናቴ።

"እንዳይበጠስ ነው" አላት፣ ቀና ሳይል።

ክሩን በመስቀሉ ላይ ጠምዝዞ ጨረሰ፣ በእጁ አሰረላትና ግንባሯን ስሞ ሸኛት።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ያለቀለት ቀጭን ሽቦ ዛሬ ፒያሳ ተጠቅልሎ ይሸጣል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የብረታ ብረት ትምህርት አስተምራለሁ። ሽቦ ሳይሞቅ ሲጎተት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች እየረዘሙ እንደሚጨናነቁ፣ እሳት ሲያገኝ ደግሞ አዳዲስ ቅንጣቶች ተፈጥረው እንደሚለሰልስ ለተማሪዎቼ በማይክሮስኮፕ አሳያቸዋለሁ። ብር አንዴ ከሞቀ በኋላ ብዙ ቀዳዳ ያለ እሳት እንደሚያልፍም እነግራቸዋለሁ። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ በሌላ ጊዜ እንዲያ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ልጁን ትንሽ ሊያቆያት ፈልጎ፣ ክሩን በየቀዳዳው እሳት ላይ መለሰው።