ዓይን ያለው ሣጥን

አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰውዬ የኮቱ ገበር ተተርትሮ ከኋላው ተንጠልጥሏል፤ እሱ አላወቀም። ከጎኑ የቆሙት አሮጊት ከኮሌታቸው ሥር ክር የገባበት መርፌ መዘዙና «ንቅንቅ እንዳትል» ብለው ሰፉለት። ሊያመሰግን ሲዞር አውቶቡሱ ደረሰ። ይህን በአጋጣሚ ያየው፣ ይህን ታሪክም የሚጽፈው፣ የአሮጊቷ ጎረቤት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ስለሰፉ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል።

እኚህ ደግ ሴት ያላመኑት ነገር ቢኖር ሣጥኑን ነው።

ያሠራላቸው ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው፣ የሠራው ደግሞ የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ፊቱ ላይ አንድ ሰፊ ቀይ ቁልፍና አንዲት መብራት አለች። እሳቸው ሲጫኑ የልጅየው ጠረጴዛ ላይ መብራት ይበራል፤ እሱ ሲጫን የሳቸው ይበራል። ቁጥር መደወል የለ፣ መነጽር ፍለጋ የለ፤ ባሻቸው ቀንና ሰዓት «አለሁ» ማለት ብቻ። መጀመሪያ ወደውት ነበር።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዟቸው አርፍደው ተነሡ። ቁልፉን ሳይነኩት ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ዛሬ ምነው አረፈድሽ?»

«ማን ነገረህ?»

«እንዲሁ ገመትኩ።» ከዚያ የለመደውን አነሣ፤ «ብቻሽን መኖር ይበቃል፤ ቤቱን ዘግተሽ እኔ ጋ ነይ።»

እትዬ መርፌ ሣጥኑ ላይ አፈጠጡ። ከቤታቸውና ከስፌት መኪናቸው ሊነቅላቸው የተላከ መሰላቸው። በማግስቱ ጥቁር ጨርቅ ጣል አድርገውበት በማለዳ ተነሡ፤ ጠረጉ፣ ውሃ ቀዱ፣ አልጋ አነጠፉ። ረፋዱ ላይ ልጅየው ደወለ።

«እማዬ፣ ታመምሽ እንዴ? እስካሁን አልተነሣሽም?»

ነገሩ ገባቸው። ሣጥኑን በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው ሬዲዮ ጠጋኙ ፊት አስቀመጡት።

«ይሄ ነገር ዓይን አለው?»

ጠጋኙ አቀረቀረ። «ካሜራ አይደለም፣ እማማ። ሰው ፊቱ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወድቀው ቢቀሩስ ብሎ ልጅዎ...»

«ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እምቢ ይላሉ ብለን።»

«ታዲያ መልሴን ታውቁት ነበራ። ስማኝ፣ የለካኸው ልጄን፣ ያለበስከው እኔን። እንዲህ ያለ ልብስ ብብት ሥር ይይዛል።»

ጠጋኙን ሳቅ አመለጠው። «እሺ፣ ዓይኑን ላውጣው። ግን ቢወድቁስ?»

«ጠዋት ጠዋት እጫናለሁ። ያልተጫንኩ ለት ይጨነቅ። መጨነቅ የልጅ ወግ ነው፤ መሰለል ግን አይደለም። በል፣ እያየሁህ ፍታው።»

የኮት አዝራር የምታክል ነገር ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። እሷንም አላመኗት፤ መሀረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ተጫኑ። ጥቂት ቆይቶ የሳቸውም መብራት በራች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ መጥተው የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

«ልጄ ላንተም ይደውላል፣ አይደል?» አሉ ዓይን ዓይኑን እያዩ።

«አልፎ አልፎ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሲደውል ደህና ናቸው አትበለው። እናትህን ራሷን ጠይቃት በለው።»