ማስክ ያደረግሁበት ምክንያት

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሐረር ሳስተምር የኮሮና ነገር እየተረሳ፣ ማስክ የሚያደርግ ሰው እየጠፋ መጣ። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ማስክ አድርጌ የምቀመጠው እኔ ብቻ ቀረሁ።

አጠገቤ የሚቀመጠው የሒሳብ መምህር ጀጎል ተወልዶ ያደገ፣ ሰው ሲያዘው የማይወድ ነው። ማስኬን ባየ ቁጥር ይነዘንዘኛል። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር በሽታ እንደማያስቀር፣ ቢያስቀርም እንኳ አፍንጫው የራሱ ጉዳይ እንደሆነ ይናገራል። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ሳይንሱን እደረድርለታለሁ። የአንዱ ነፃነት ሌላውን እስኪያሳምም ድረስ መሄድ የለበትም እላለሁ። አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሯ በሁሉም ፊት አመሰገኑኝ፤ ለተማሪዎቹ ምሳሌ ነው አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

እውነቱ ሌላ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶብኝ፣ ለትምህርት ቤቱ ታይፎይድ ነው ብዬ ቤቴ ተኝቼ ከርሜያለሁ። ወደ ሥራ ስመለስ ነርሷ መድኃኒቱ ስለሠራልኝ ከእንግዲህ ወደ ሰው እንደማላስተላልፍ፣ ማስኩም የግድ እንዳልሆነ ነግራኛለች። እኔ ግን ሳሉ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ክሳቴም ያሳብቅብኝ ነበር። ማስኩን ያደረግሁት ፊቴን ለመሸፈን ነው። ነርሷ አብሮኝ የሚውል ሰው ካለ መመርመር አለበት ስትለኝ ብቻዬን እኖራለሁ አልኳት። ላጤ ነህ እያለ ቤቱ ወስዶ ምሳ የሚያበላኝ ባልደረባ እንዳለኝ፣ እያሳለኝ ሕፃን ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳጫውት እንደከረምኩ ግን አልነገርኳትም።

የሚያውቀኝ እንዳያየኝ ብዬ መድኃኒቱን የምወስደው ከሰፈሬ ርቄ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ወዲያ ካለ ጤና ጣቢያ ነበር። አንድ ጠዋት ኪኒኔን ተቀብዬ ስወጣ የሒሳብ መምህሩ ያቺን ሳጫውታት የከረምኩትን ልጁን ለክትባት ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ከወጣሁበት ክፍል በር ላይ የተጻፈውን አነበበ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"መቼ ነው የጀመረህ?" አለኝ።

ነገርኩት። ወደ ኋላ ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

"አቦ፣ ስለ እኔ አፍንጫ ስንት ጊዜ ተከራከርን" አለ። "ይቺን ልጅ ታቅፈህ የሚያስልህ ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን አልነገርከኝም።"

ሰው እንዳይሸሸኝ ፈርቼ ነው አልኩት። ወደ ነርሷ ገባ። ተከትዬው ገብቼ ቀድሞ መናገር የነበረብኝን ነገርኳት።

እሱም፣ ባለቤቱም፣ ልጅቷም ተመረመሩ። በማናቸውም አልተገኘም። ለልጅቷ ግን ለጥንቃቄ ተብሎ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላት። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከእኔ ጋር መከራከሩን ግን ተወ፤ ማስኩን ባወልቅም ባደርግም ምንም አይለኝም።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤቱ ግባ አለችኝ። ኪኒኑን አድቅቃ፣ በውሃ በጥብጣ ልጇን ልታጠጣ ነበር። ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ ታለቅሳለች፤ አፏ የገባውንም ትተፋዋለች። እናትየዋ መጥረጊያ ጨርቅ ልታመጣ ስትነሳ ልጅቷን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

"ያዛት እስቲ፣ አሁን እመጣለሁ" አለችኝ።

እጄን መዘርጋት አቃተኝ።